የጀይሉ ድርሻ

ሸህ ሙሀመድኑር ከጫቱ ለምለም ለምለሙን ይመርጡ ጀመር። ፋይዛ በሩ አጠገብ ቆማ እጃቸውን ታያለች። መርጠው ሲጨርሱ ዱዓ ያደርጉበታል፤ ዱዓ የተደረገበትን ደግሞ ለታመመው በእጃቸው ያጎርሱታል። ሰው ተሰብስቦ ዱዓ የሚያደርግበት የወዳጃ ወጉ እንዲህ ነው፤ ከሚሴ ተወልዳ ላደገች ይህ አይነገራትም። የታመመው ግን ባሏ ነው።

ጀይሉ ጋቢውን ተከናንቦ ግድግዳ ተደግፏል። መጀመሪያ አንጀቱ ተጠምዝዞ ደሴ ወስደው ሆዱን ከፈቱት። ቤት ገብቶ ትንሽ ሻል ሲለው እንግዳ ያመጣለትን ጫት ቃመና አንጀቱ ተዘጋ፤ ዳግመኛ ከፈቱት። ያን ጊዜ ሐኪሙ ፋይዛን ለብቻዋ ጠርቶ ሾርባና አጥሚት ብቻ ስጪው፣ ቅጠል የሚባል ነገር ባፉ እንዳይዞር፣ ለሦስተኛ ጊዜ ከከፈትነው አይተርፍም አላት። ሆዱ ከተነፋና ፈሱ ከቆመም ሳታድሪ አምጪው አላት።

ይኸው ከትናንት ጀምሮ ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ፈሱ መቆሙን በሰፈሩ የማያውቅ የለም። ከማል ባጃጁን ደጅ አቁሞ መናኸሪያ ሊያደርሳቸው ይጠብቃል። ጀይሉ ግን ሸሁ ዱዓ ሳያደርጉልኝ ከዚህ ቤት ንቅንቅ አልልም አለ። ለመነችው፣ ተቆጣችው፤ ወይ ፍንክች! ምን ታርግ፣ ሸሁንና የሰፈሩን ሽማግሌዎች ጠራች።

አሁን ቤቱ ሞልቶ ሰዉ አሚን ይላል። የፋይዛም ከንፈር አሚን ይላል፤ ልቧ ግን እዚያች ቅጠል ላይ ነው። ሸሁ ሲገቡ በር ላይ አግኝታቸው ነበር፤ ያኔ መንገር ነበረባት። አፈረች። ኒካዋን ያሰሩ፣ ለልጆቿ ስም ያወጡ ሰው ናቸው፤ እሳቸውን ምን ብላ ጫትዎ ይገድላል ትበላቸው? ይሉኝታ ስንቱን ቀበረ!

«ረቢ ሲ ሃ ፈይሱ» አሉ ሸሁ፤ «አላህ ያሽርህ።» ቀንበጡን ዘረጉ። ጀይሉ አፉን ከፈተ። ዐይኑ እንባ አቅርሯል፤ ይህችን ከቀመሰ እንደሚድን ቅንጣት አይጠራጠርም።

ፋይዛ ከበሩ መቼ እንደተነሳች አታውቅም። በሽማግሌዎቹ መሀል አልፋ ሸሁ ፊት ተንበረከከች፤ ቀንበጡን በሁለት እጇ ተቀብላ ወደ ገዛ አፏ ከተተችው።



«አብዬ፣ አውፍ ይበሉኝ» አለች። «እሱ ከበላው ይሞትብኛል። ዱዓው ግን አይቅርበት፤ የሱን ድርሻ እኔ ልብላለት።»

ጫት ባፏ ዞሮ አያውቅም። ምሬቱ አፏን ሞላው፤ ቢሆንም ታኝካለች። ጀይሉ በንዴት ይሁን በሐፍረት ፊቱ ጠቁሯል። ሸሁ ባዶ እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ፤ አይቆጡም፣ አይመርቁም። ሸሁንም አዋረድኩ፣ ባሌንም አስቀየምኩ፣ በዚህ ላይ ከሞተብኝ ምን ይውጠኛል ትላለች በልቧ።

በዚህ መሀል ከጋቢው ስር ድምፅ መጣ። አጭር አልነበረም፤ ቤት ሙሉ ሰው ሰማው። ሽማግሌዎቹ ምንም እንዳልሰማ ሰው ጣራ ጣራውን አዩ። ጀይሉ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ፋይዛ እያኘከች እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ሸሁ ጢማቸውን ዳበስ አደረጉ። ደጅ ከማል የባጃጁን ጡሩንባ አስጮኸ፤ ማንም አልተነሳ። ሸሁ ጎንበስ ብለው ከጫቱ ሌላ ለምለም ቀንበጥ መረጡና ዱዓ አደረጉበት። ጀይሉን አልፈው ለሷ ዘረጉላት።

«ድርሻው ገና አላለቀም» አሉ።

ፋይዛ አፏን ከፈተች።