ፋብሪካው ይተከል የምትሉ
ጋሽ በዳሳ በቀበሌያቸው ሊተከል በታሰበው የወይን ጠጅ ፋብሪካ ጉዳይ ስብሰባ መመላለስ ታክቷቸዋል። ዛሬም ጉልበታቸውን ይዘው እንደምንም ተነሡ። «የፋብሪካው እጣቢ ወንዛችን ከገባ ከብቱስ፣ እኛስ ምን ልንጠጣ ነው?» አሉ። ሰዉ አጨበጨበላቸው።

ከወረዳ የመጣችው የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ፣ «እሺ፣ ፋብሪካው ይተከል የምትሉ እጅ አውጡ» አለች።

ከሴቶቹ መሀል አንድ እጅ ብቻ ወጣ። የለሊሴ ነበር፤ በቤት ሠራተኝነት ቤሩት ልትሄድ ጓዟን ሸክፋ የተቀመጠችው የጋሽ በዳሳ ልጅ።

«አባባ፣ እዚሁ ሥራ ካገኘሁ እኮ አልሄድም» አለች፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ጋሽ በዳሳ ገና አልተቀመጡም ነበር። ልጃቸውን ቆመው ሲያዩ ቆዩና ቀኝ እጃቸውን አወጡ።