ቁረጪ

ከሸንኮራ መጭመቂያው አጠገብ ሁልጊዜ የተሳለ መጥረቢያ ተሰቅሎ ይኖራል። ወደዚህች የሸንኮራ ደሴት አዲስ የመጣ ባሪያ ሁሉ፣ «አገዳው ተቆርጦ ነው የሚመጣው፤ ይሄ ደግሞ ለምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ሰንበት ሲል ግን መጠየቁን ይተዋል።

በታጁራ ወደብ በኩል ተሸጣ የመጣችው ሴት ውሎዋ እዚያ መጥረቢያ ሥር ነው። አምና ለመጭመቂያው አገዳ ስታጎርስ፣ በቅሎዎች በገመድ እየሳቡ የሚያዞሯቸው ሁለቱ የመጭመቂያ ግንዶች ቀኝ እጇን ያዙት። አለቃው «ቁረጡ» አለ፤ ከክንዷ ቆረጡት። በቅሎዎቹ ግን ለአፍታ እንኳ አልቆሙም፤ ጭማቂው ከቆየ ይኮመጥጣል፣ ስኳርም አይወጣውም። ከዚያ ወዲህ በቀረው እጇ መጥረቢያውን እንድትጠብቅ ተደረገች።

ዛሬ አለቃው አዲሷ አጉራሽ ዘገየችብኝ ብሎ ተናደደ። ገፈተራትና አገዳውን ራሱ ያጎርስ ጀመር። ግንዶቹ እጅጌውን ነከሱት፤ ጣቶቹም ተከትለው ገቡ።

«ቁረጪ!» ብሎ ጮኸ።

ሴትዮዋ መጥረቢያውን ከተሰቀለበት አወረደች። ክርኑ ላይ አነጣጥራ ስታነሳው የአለቃው ዓይን ፈጠጠ።

«እጄን አይደለም፣ አንቺ ሴት። ገመዱን። የበቅሎዎቹን ገመድ፤ መጭመቂያው ይቁም።»

መጥረቢያው አየር ላይ ቀረ። ሴትዮዋ ገመዱን አየችው፤ እዚያው አጠገቧ ተወጥሯል። ቀጥላ ባዶ እጅጌዋን አየች። በቅሎዎቹ አሁንም ይዞራሉ።

«ጌታዬ» አለችው ቀስ ብላ፣ «የኔ ጊዜም ገመዱ እዚህ ነበር?»