የገብስማዋ ዶሮ እና የጋሼ ሙሀመድኑር ቆርቆሮ

«ሌባ! አንተ ሽማግሌ ሌባ!...»

ዘሊካ ነች የምትጮኸው... አጥሩ ላይ ተንጠልጥላ።

ሃያ ዓመት ሙሉ «ጋሼ ሙሀመድኑር» እያለች በአንቱታ የኖረችውን ጎረቤቷን፣ ዛሬ በአንድ ጊዜ «አንተ» አለቻቸው።

ከሱብሂ ሰላት በኋላ፣ ገና ሲነጋጋ፣ የዶሮ ጩኸት ሰምታ ብትወጣ... ገብስማ ዶሮዋ በሳቸው ጓሮ፣ በሳቸው እጅ፣ አንገቷ በቢላ ታርዶ ደሟ ይንጠባጠባል።

«ዘሊካ፣ ሸለምጥማጡ እኮ ነው... ነክሶ በአጥሩ ስር ጎትቶ...»

«ሸለምጥማጥ ቢላ ይዞ ነው የሚሄደው? በል አምጣ!»

ዶሮዋን ተቀበለቻቸው። ዓይናቸው እያየ ለውሻ ወረወረቻት።

«የሌባ እጅ የነካው በኔ ቤት አይበላም!»

ሽማግሌው ቢላቸውን በሳር ጠርገው ገቡ።

አትፍረዱባት... ደክሟታል።

ባሏ ሞቶባት ከሚሴ ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት። አንዲቷ ልጇ ሳሚያ ባቲ ነው ያገባችው። የበኩሯን ልትወልድ እንደ ወጉ እናቷ ቤት ልትመጣ ቀኗ ደርሷል።

ዘሊካ ለአራሷ ብላ አሥራ ሁለት ዶሮ ከጫጩት አሳድጋ ነበር። ቀን ጭልፊት እያባረረች... ሌሊት ኮሽ ባለ ቁጥር ባትሪ ይዛ እየወጣች።

ግን ዛሬ አንዷ፣ ነገ ሌላዋ... ላባ ብቻ ይቀራል፣ ወይ ግማሽ ሬሳ። አውሬ የገደለው በክት ነው፤ አይበላ፣ አይሸጥ... አንስቶ መጣል ብቻ።

«ያ ረቢ... ልጄ ስትወልድ ምን ላብላት ነው?»

ገብስማዋ ስትሄድ አምስት ቀሩ።

እና ያን ማለዳ ነገሩ ሁሉ የተገለጠላት መሰላት። ሁሉንም የበሉት እሳቸው ናቸው!

አምስቱን ለማዳን ተነሳች። እዚያው አጥር ጥግ ቋሚ አቁማ፣ ዙሪያውን ወንፊት ሽቦ ወጥራ፣ ጭልፊት እንዳይወርድ ከላይም አለበሰችው። እጇ በሚስማርና በሽቦ ተቦጫጨረ።

ሽቦውን የሸጠላት ቃሲም መክሯት ነበር።

«እትዬ፣ ከስሩ አንድ ክንድ ቆፍረው ይቅበሩት። ሸለምጥማጥ እኮ በላይ ካቃተው በስር ነው የሚገባው።»

«የኔ ሸለምጥማጥ ባለ ሁለት እግር ነው!» አለችው።

መሬቱም ድንጋይ ነው፣ ጉልበቷም አልቋል... በመቆፈር ፋንታ በሩ ላይ ትልቅ ጓጉንቸር ቁልፍ አንጠለጠለች።

ቁልፍ! ለሸለምጥማጥ!... ሰው ሲናደድ እንዲህ ነው።

ከዚያ ጥሬና ውሃ አስቀምጣላቸው፣ ሳሚያን ልታመጣ ባቲ ሄደች። ሁለት ቀን ቆየች።

ስትመለስ አምስቱም አሉ። በሳምንቱም አምስት... በወሩም አምስት።

«አያችሁ? ሌባው ሲዘጋበት ቆመ!» እያለች ለሰፈሩ ሁሉ አወራች።

ጋሼ ሙሀመድኑር መንገድ ላይ «አሰላሙ አለይኩም» ሲሉ መሬት መሬት የሚያየው በዛ።

ሳሚያ ወንድ ልጅ ወለደች... አልሐምዱሊላህ! ዶሮዎቹም ለአራሷ ይታረዱ ጀመር። ድሮ የሚያርዱላት ጋሼ ሙሀመድኑር ነበሩ። አሁን ግን ዶሮ ታቅፋ እስከ ቃሲም ሱቅ ትሄዳለች።

ክረምት ገባ።

አንድ ቀን ዝናቡ አባርቶ ሳለ፣ የዶሮዎቹ ግቢ ውስጥ ውሃ ተኝቶ አየች። ቦይ ልታወጣለት ከአጥሩ ስር በዶማ መቆፈር ጀመረች።

ዶማው «ቃ!» አለ።

ድንጋይ መሰላት። አፈሩን ጠረግ ስታደርገው... ሰማያዊ ቆርቆሮ።

ጫፉን ተከትላ ቆፈረች... አያልቅም! በአጥሩ ርዝመት ሙሉ፣ አንድ ክንድ ቁልቁል ተቀብሯል። ግቢዋ በሌላው ወገን ሁሉ የድንጋይ ካብ ነው፤ ክፍት የነበረው ይሄ ብቻ ነው።

ከቆርቆሮው ወዲያ፣ በሽማግሌው ጓሮ በኩል፣ ጉድጓድ አለ። አውሬው እስከ ቆርቆሮው ቆፍሮ... ጭሮ ጭሮ... አቅቶት ተመልሷል።

ሰማያዊ ቆርቆሮ... የት ነበር ያየችው?

ቀና አለች። የጋሼ ሙሀመድኑር ማድቤት ጣሪያ... ግማሹ በድንጋይ የተያዘ ላስቲክ ነው።

ዶማዋን ጥላ ሄደች።

«አፉ በሉኝ ጋሼ... አፉ በሉኝ...» ብላ ማድቤታቸው ደጃፍ ላይ ተደፋች።

ሽማግሌው የሚያፈሰው ጣሪያ ስር ያለውን ባልዲ ገፋ አድርገው ቦታ ሰጧት።

«ኢንተላ ኮ... ልጄ፣ አብሽሪ። ተነሽ። አራሷ ደህና ናት?»

«ሌባ ብዬዎት... እንዴት ለኔ ብለው ጣሪያዎን ያነሳሉ?»

«ላንቺ ነው ማን አለሽ? ለአራሷ ነው። ባቲ የሄድሽ ለት ቀዳዳውን አየሁት። ብነግርሽ አትሰሚኝ... ቀበርኩት።»



«ስድቡን ያኔውኑ ትቼዋለሁ» አሉ በመጨረሻ። «አንድ ነገር ብቻ ነው እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ።»

«ምን ጋሼ?»

«ያቺ ገብስማ። ከሸለምጥማጡ አፍ ሳስጥላት ነፍሷ ገና አልወጣም ነበር። በክት ሆና እንዳትቀርብሽ ብዬ፣ በዚህ ጉልበቴ ሮጬ ቢላ አምጥቼ፣ ቢስሚላህ ብዬ አረድኩልሽ... አንቺ ለውሻ ጣልሻት።»

ዘሊካ የምር ያለቀሰችው ያኔ ነው።

በነጋታው ያወራችውን ልትመልስ በር ለበር ዞረች። አንዳንዱ ሰማት... አንዳንዱ «እሺ እሺ» ብሎ በሩን ዘጋ። ወሬው ባንድ ቀን ነበር የደረሰው፤ እርማቱ ግን ክረምቱን ሙሉ ፈጀባት።

ወገኖቼ... ቢላውን አይታለች፣ ንክሻውን ግን አላየችም። «ምን ሆነው ነው?» ብላ ብትጠይቅ ኖሮ ገብስማዋም ትበላ ነበር፣ የሰው ስምም አይበላም ነበር። ለመፍረድ ማንም አይደክመውም... ለመጠየቅ ነው ሁላችንም የሚደክመን።

እስቲ እናንተም ንገሩኝ...

በእናንተ አጥር ስር የተቀበረው የማን ቆርቆሮ ነው? «አፉ በለኝ» ያላላችሁት ሰው ካለስ... ስሙን ከታች ጻፉት።