ቀይ ክር

ጃሮድ መጋዙን የጣውላ ግድግዳው ውስጥ ሰክቶ ይገዘግዛል። ብናኙ ጫማዬ ላይ ይወርዳል። እኔ ጣውላው እንዳይሰነጠቅ በሁለት እጄ ደግፌዋለሁ።

ጣውላው ላይ በእርሳስ የተነደፈ ትራውት ዓሣ አለ፤ ክንድ ከስንዝር ይሆናል። ከሥሩ በጃሮድ አባት እጅ «ቶቢ፣ 15 ዓመቱ» ተብሎ ተጽፏል። ቶቢ እኔ ነኝ። በዚህች የጃሮድ ቤተሰብ የሐይቅ ዳር ጎጆ ትልቅ ዓሣ የያዘ ሁሉ ግድግዳው ላይ አስደግፎ ዙሪያውን ያስነድፋል። በአርባ ዓመት ውስጥ የእኔን የሚያህል አልተገኘም።

መሬቱ ተሽጧል፤ ሰኞ ጎጆዋ ትፈርሳለች። ሦስታችን አብሮ አደጎች፣ ጃሮድ፣ ብሮንዊንና እኔ፣ የመጨረሻውን ቅዳሜና እሑድ እዚሁ ልናሳልፍ መጣን። ጣውላውን ቆርጦ ለእኔ መስጠት የብሮንዊን ሐሳብ ነው። ትናንት ስትነግረኝ ሳቅሁ።

«ቀጥ አድርገህ ያዝ እንጂ» ትላለች ብሮንዊን፣ የሻይ ኩባያዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማ። «ያን ቀን እንዲህ ተንቀጥቅጠህ ቢሆን ዓሣው ስቆብህ ይሄድ ነበር።»

ጃሮድ ይስቃል። እሷ መኪናው ውስጥ ቦታ ልታመቻች ትወጣለች።

«ጃሮድ» እላለሁ። «ይሄ ዓሣ የኔ አይደለም።»

መጋዙ አይቆምም።

«አንተ እንጨት ልትለቅም ስትሄድ ያንተ የማጥመጃ ዘንግ ነው የጎበጠው። ስቤ አወጣሁት። ከዚያ ክርህን ቆርጬ፣ ውኃው ውስጥ ያለ ጉቶ በጠሰብህ አልኩህ።»

ዐሥራ ስድስት ዓመት ሆዴ ውስጥ የኖረ ነገር ለመውጣት አንድ ትንፋሽ አልፈጀም።

«አውቃለሁ» ይላል።

«ምኑን?»

«የዚህ ቤት ደንብ ምን ነበር? ዓሣ የያዘ አያጸዳም። ታዲያ ማን አጸዳው?»

እሱ ነበር። እኔ ደረቴን ነፍቼ እሳት ዳር ስቀመጥ፣ እሱ ቢላውን ይዞ ወደ ውኃው ወረደ።

«መንጠቆዬ ጉሮሮው ውስጥ ነበር፤ ከነቀይ ክሩ።»

ከሹራብ ኮፍያው ቀይ ክር እየመዘዘ መንጠቆው ላይ የሚያስር እሱ ብቻ ነበር። ዕድል ያመጣልኛል ይል ነበር። እንዴት ረሳሁት?

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

አሁን መጋዙ ይቆማል። ጃሮድ ከዓሣው ዓይን ላይ ብናኙን እፍ ይላል።

«አባትህ ጥሏችሁ የሄደ ሳምንት ነበር። መንጠቆውን ወስጄ ለአባዬ አሳየሁት። ‹ተው፣ ይሁንለት› አለኝ። ከዚያ እርሳሱን አነሣ።»

ስሜን የጻፈው እያወቀ ነው ማለት ነው። አምና የጃሮድ አባት ቀብር ላይ ተነሥቼ ዓሣዬን እንዴት እንደነደፈልኝ የተረክሁት እኔ ነኝ። ለቀስተኛውን በሙሉ አሳቅሁት። ጃሮድ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ነበር፤ እሱም ሳቀ።

ጃሮድ የቀረውን ይገዘግዛል። ጣውላው ተላቆ እጄ ላይ ይቀራል።

«እዚሁ ይቅር» እላለሁ።

«ኧረ ባክህ። ብሮንዊን ለእናትህ ደውላላቸዋለች። ሳሎን ውስጥ ምስማር መትተው እየጠበቁ ነው።»

መኪናው በፍራሽና በብርድ ልብስ ተጨናንቋል። ጣውላው አልገባ ይላል፤ መስኮቱን ዝቅ አድርገን ጭራውን ወደ ውጭ እናወጣዋለን። ጃሮድ ከመሣሪያ ሣጥኑ ቀይ ጨርቅ ያመጣል።

«በከተማችን መሀል ነው የምናልፈው» ይላል። «ከመኪና ወደ ውጭ የወጣ ጭነት ቀይ ካልታሰረበት ያስቀጣል።»

ጎንበስ ብሎ ሁለት ጊዜ ይጠመጥምና በጥርሱ ያጠብቀዋል። ልክ ያኔ ክሩን መንጠቆው ላይ ያስር እንደነበረው።

ብሮንዊን ሞተሩን ታስነሣለች። የዓሣው ራስ ጭኔ ላይ ነው፤ ስሜ ወደ ላይ ዞሯል። ውጭ፣ ጭራው ላይ፣ ቀዩ ጨርቅ በሐይቁ ነፋስ ይውለበለባል።