የሌላ ሰው ትንፋሽ

አልበሙ የእሱ ነው፤ ሽፋኑ ላይ ቴነር ሳክስፎኑን ታቅፎ የቆመው እሱ ነው። ስለዚህ አምባሰልን ከጃዝ ያዋሐደው የመጨረሻው ዜማ በስቱዲዮው ሲለቀቅ ደሙ ፈላ። ከበሮውና ቤዙ የባንዱ ናቸው፤ ሳክስፎኑ ግን የእሱ አይደለም። እሱ የቀዳው እንከን አልነበረውም። ይህኛው ኖታ ይስታል፣ ትንፋሽ ያፈሳል፣ ሲቃ ይይዘዋል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ፣ የእሱን ይበልጣል።

"ማነው ይሄ?"

የድምፅ ባለሙያው ይርዳው ፈገግ አለ። "እስቲ ገምት።"

"በእኔ አልበም ላይ ሌላ ሰው አስነፋህ?"

"አልበሙ ላይ እንደዚህ ያለ የለም። ቢመርህም ዋጠው!"

አፉን በቡጢ አለው። ይርዳው ከነወንበሩ ወደቀ። ላዩ ላይ ተንበርክኮ ደገመው፣ ሠለሰው። የይርዳው ጥርስ ሲረግፍ የመቺውም ጣቶች አብረው ተሰበሩ፤ እሱ ግን አላቆመም።

"ስሙን ጥራ! የማን ቡችላ ነው?"

ይርዳው ደም እየተፋ እጁን ወደ ድምፅ ማጉያው ዘረጋ። "እስከ መጨረሻው ስማው፣ አንተ እብድ!"

ዜማው አለቀ፤ ከበሮው ዝም አለ። አንድ ሰው ሲንሰቀሰቅና አፍንጫውን ሲጠርግ ተሰማ። ከዚያ የእሱ የራሱ ድምፅ መጣ።

"ይርዳው፣ ይሄ አይረባም። ከእናቴ ለቅሶ ተነስቼ መምጣት አልነበረብኝም። ደምስሰው፤ ሌላ ቀን ደግሜ እነፋዋለሁ።"