መቶኛው ሰው

መነጽሩን አድርጎ ሳለ አባቷ የመነጽሩን ማኅደር ለአራተኛ ጊዜ ከፈት አድርጎ ወደ ውስጥ አየና የሰጠችው መጠይቅ ላይ መልሱን አከበበ።

“አባዬ፣ እዚያ ውስጥ ምን አለ?”

“ምን ይኖራል፣ አንቺ ደግሞ።”

እጇን ዘረጋች። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ሠላሳ ዓመት ተሳፋሪ ሲያታልለው ኖሮ ራሱ ማታለል አልለመደም። ሰጣት። ከማኅደሩ የታጠፈ ወረቀት ወጣ፤ ሃያ አምስት ተራ ቁጥር፣ ከየቁጥሩ ጎን የዛሬ ሁለት ሳምንት የሰጠው መልስ።

ለመመረቂያ ጥናቷ የሰውን አስቸጋሪ ጠባይ የሚለካ መጠይቅ ተርጉማ፣ ትርጉሙ ያስኬድ እንደሆነ ለማየት አንዱን ሰው በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለቴ ታስሞላለች። ዘጠና ዘጠኝ ሰው ጨርሷል። አማካሪዋ ነገ ጠዋት መቶ ሳትሞዪ እንዳትመጪ ብለዋታል።

“መልሱ ከተለያየ ሥራዬ ይበላሻል ብለሽ አልነበር?” አለ አንገቱን ደፍቶ። “በእኔ ምክንያት እንዳትወድቂ ብዬ ነው፣ የኔ እናት።”

ልትቆጣ አፏን ስትከፍት ሳቅ ቀደማት። አንጀቷን በላው። ወረቀቱን ኪሷ ከታ አዲስ ቅጽ ሰጠችው።

“ይኼኛው ይቆጠርልሻል?”

“አይቆጠርም። እኔ ማወቅ ፈልጌ ነው።”

“መቶኛውንስ ከየት ታመጪያለሽ?”

“እሱን ለእኔ ተወው። አንተ የልብህን ሙላ።”

እርሳሱን አነሳ። “ሰው አታልላለሁ” የሚለው ጋ ሲደርስ በመነጽሩ አናት አያትና አንድ ቁጥርን አከበበ፤ ዜሮ ፈጽሞ፣ አንድ አልፎ አልፎ፣ ሦስት ሁልጊዜ ማለት ነው። ሁለቱም ሳቁ።

“ብቻዬን እቀራለሁ ብዬ እሰጋለሁ” የሚለው ጋ ግን እርሳሱ ቆመ። ኪሷ ያለው ወረቀት እዚህ ላይ ዜሮ ነው የሚለው። ሌላ ከተማ ሥራ ማግኘቷን የነገረችው ደግሞ ባለፈው ሳምንት ነው። ያን ቀን መርቋት፣ ሻንጣዋን ከቁም ሳጥኑ አናት አውርዶ አቧራውን ራሱ ነበር የጠረገላት።

አጠገቡ ያለው እንዳይቀዳበት እንደሚፈራ ተማሪ በግራ እጁ ከልሎ አከበበ። ጨርሶ አጠፈና ሰጣት፣ ከዚያ ሻይ ሊጨምር ይመስል ባዶ ብርጭቆውን አንስቶ ወደ ጓዳ ገባ።

ገለጠችው። ሃያ አራቱ ክቦች ትልልቅ ናቸው፣ ከመስመር ወጥተው እርስ በርስ ይነካካሉ። አንዱ ብቻ፣ ሦስት ቁጥር ላይ ያለው፣ እንዳይታይ ተብሎ በጣም ትንሽ ተደርጎ ተከቧል።