የብርቅነሽ አፈጻጸም

ሰው ሠራሽ አስተውሎት መሥሪያ ቤቱ ከገባ ወዲህ ሥራ አስኪያጁ ከፎቅ ወርዶ ሠራተኛ አይቶ አያውቅም። ደብዳቤውን በስሙ የሚጽፍለት፣ የየሰዉንም አፈጻጸም የሚነግረው እሱ ነው። ዛሬ ጠዋት፣ "የብርቅነሽ ሥራ ከሳምንት ወዲህ ቆሟል" አለው።

ቱግ ብሎ ወረደ። ጀማሪ ሳለ እጁን ይዛ ሥራውን ያስለመደችው ብርቅነሽ ናት፤ ቢሆንም በሥራ ቀልድ አያውቅም። ወንበሯ ባዶ ነው።

"ይቺ ሴትዮ የት ነው የምትውለው?" ሲል አንባረቀ።

አጠገቧ የምትቀመጠው ባልደረባዋ ግራ ገብቷት ቀና አለች።

"ጋሼ፣ ባለፈው ሳምንት ቀበርናት እኮ! የላኩት የሐዘን መግለጫ ቀብሯ ላይ ሲነበብ ያላለቀሰ አልነበረም። እናቷማ፣ 'ልጄ እንዲህ የሚወዳት አለቃ ነበራት?' ብለው መረቁዎት።"